«ቲቸር፣ የት እንዳለሁ አላውቅም»

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው። ሻይ ይዛችሁ ቁጭ በሉ። «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ጀመረው» የምትሉም ካላችሁ ግድ የለም፣ እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ ስደቡኝ።

አምና ጥር ውስጥ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ስልኬ ጮኸ። ኢሞ ነው። ስሙን አላውቀውም፣ ፎቶው የአበባ ፎቶ ነው። እኔን በኢሞ የምትደውልልኝ ቤይሩት ያለችው እህቴ ብቻ ስለሆነች የማላውቀው ሲሆን አላነሳም። ሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ አነሳሁት።

«ቲቸር፣ እኔ ነኝ» ብላ ስሟን ነገረችኝ። በሹክሹክታ ነው የምታወራው። ከስድስት ዓመት በፊት አሥረኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምሬያታለሁ። ቁጥሬን ያገኘችው አሁን እኔ ጋ ከሚማረው ወንድሟ ነው። ስሟን አልጽፍም። ታሪኩን እንድጽፈው ግን ፈቅዳልኛለች፤ «ለሌሎቹ ይጠቅም እንደሆን ይጻፉት» ነው ያለችኝ።

ሳዑዲ ከገባች አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል። ደሞዝ ካየች ደግሞ አምስት ወር። ፓስፖርቷ አሠሪዎቿ እጅ ነው። ወገቧን አሟታል፣ «ሐኪም ቤት ውሰዱኝ» ስትል ነገ ይሏታል፣ «በቃኝ፣ ልሂድ» ስትል ደግሞ «የትም አትሄጂም» ይሏታል። ሪያድ ውስጥ የአክስቷ ልጅ አለች። ሰው ይዛ ልትመጣላት፣ ኤምባሲም ሄዳ ልታመለክትላት ዝግጁ ናት። ችግሩ አንድ ነው።

«የት ነሽ አሁን?» አልኳት።

«ሪያድ።»

«ሪያድ የት? ሰፈሩ ምን ይባላል?»

ዝም አለች። ከዚያ «ቲቸር፣ የት እንዳለሁ አላውቅም» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

እኔ እንግዲህ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ለዚች ልጅ ኬክሮስና ኬንትሮስ አስተምሬያታለሁ። ሉሉን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስዬ፣ ምድር ወገብ ይሄ፣ ግሪንዊች ይሄ፣ ደሴ ደግሞ በ11 ዲግሪ ሰሜንና በ39 ዲግሪ ምሥራቅ አካባቢ ትገኛለች ብዬ አስጽፌያታለሁ። ጎበዝ ነበረች፣ ፈተናውንም በደንብ ሠርታዋለች። ያቺ ጎበዝ ልጅ የት እንዳለች አታውቅም። የሚያውቅ ስልክ ግን እጇ ላይ ነበር!

«እንዴት አታውቅም?» አትበሉ፤ እኔም ብዬ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰችው ሌሊት ነው። መኪና ውስጥ አስገቧት፣ ተኝታ ነቃች፣ በር ተከፈተ፣ ገባች። ከዚያ ወዲህ የወጣችው ከማዳሟ ጋር በመኪና ነው። ምልክቱ ሁሉ ዐረብኛ ነው። «ሪያድ ነሽ» ተብላ ነው ከዚህ የተላከችው፤ ስለዚህ ሪያድ ነኝ ብላ አመነች። የአክስቷ ልጅ በእረፍት ቀኗ፣ ሁለት አርብ ሙሉ፣ «ትልቅ መስጊድ ፊት ለፊት፣ ነጭ አጥር» የሚል ምልክት ይዛ ሪያድን ስትዞር ነበር። ሪያድ ውስጥ ስንት ነጭ አጥር እንዳለ እናንተው ገምቱት።

«ቴሌግራም አለሽ?» አልኳት። አለኝ አለች። ቲክቶክም፣ ዋትስአፕም፣ ሁሉም አላት።

ከዚያ ትምህርት ጀመርን። በሹክሹክታ። የኔን አካውንት ክፈቺ። ከታች መጻፊያው አጠገብ የወረቀት መያዣ የሚመስለውን ምልክት ንኪ። «ሎኬሽን» የሚለውን ምረጪ። ፈቃድ ሲጠይቅሽ እሺ በይው። ላከችው። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ግን «በ1,400 ሜትር ልዩነት» የሚል ነገር አነበበላት። ይሄ ማለት እዚህ አካባቢ የሆነ ቦታ ነሽ እንደማለት ነው፣ አይረባም። ቤቱ ኮንክሪት ነው፣ እሷ ደግሞ መሬት ቤት ያለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ናት። ስልኩ የሳተላይቱን ምልክት በደንብ አላገኘውም። «ሰማይ የሚታይበት ቦታ አለ?» አልኳት። ልብስ የምታሰጣበት ጣሪያ አለ። ግን አሁን ብትወጣ ይሰሟታል። «ነገ ጠዋት ልብስ ስታሰጪ ላኪልኝ» ብያት ተለያየን።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ እያለሁ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። አዎ፣ ክፍል ውስጥ ስልኬን አየሁ፣ ተማሪ ቢያደርገው የምነጥቀውን ነገር አደረግሁት። «በ12 ሜትር ልዩነት» ይላል። ነጥቡን ስከፍተው ሪያድ አይደለችም። አል ኸርጅ ናት። ከሪያድ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ ሌላ ከተማ።

ነጥቧን ለአክስቷ ልጅ ላክሁላት። በሚቀጥለው አርብ ሁለት ሰው ይዛ ሄዳ ከውጭ ሆና የበሩን ፎቶ አነሳች። ሳዑዲ ቤቶች በር ላይ ፊደልና ቁጥር ያለው የአድራሻ ሰሌዳ አለ፣ እሱንም አነሳችው። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ማመልከቻ፣ ምልልስ፣ ልመና ነው። ሰባት ሳምንት ፈጀ። ልጅቷ ወጣች። የአምስት ወሩ ደሞዝ ግማሹ ቀርቷል፣ ግን ወጣች። ዛሬ ወገቧን ታክማ እናቷ ቤት ናት።

እንግዲህ ይሄን የምጽፈው ጀግና ነኝ ለማለት አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ስትመለስ ልጠይቃት ቤታቸው ሄጄ ቡና ተፈልቶ ስንጫወት ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ቲቸር፣ ያኔ የወሰዱብኝ ስልክ ትዝ ይልዎታል?»

አልነበረኝም ትዝታው። እሷ ግን አልረሳችውም። አሥረኛ ክፍል እያለች፣ እኔ ኬክሮስ እያስተማርኩ፣ ከዴስክ ሥር ስልክ ስትነካ ይዣት ወስጄባታለሁ። ወላጅ አምጪ አልኳት፣ አላመጣችም፣ ስልኩ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ መሳቢያዬ ውስጥ ተቆልፎበት ከረመ። እሷ እየሳቀች ነው የነገረችኝ። እናቷም ሳቁ። እኔ ግን ስኒውን ይዤ ቀረሁ። በአንድ እጄ «የምድር ላይ አቀማመጥን ማወቅ» እያልኩ እያስጻፍኩ፣ በሌላው እጄ አቀማመጧን የሚነግራትን ዕቃ ቆልፌበት ነበር ማለት ነው።

ነጥቤ እዚህ ጋ ነው። እኛ፣ ማለትም አስተማሪው፣ ወላጁ፣ ታላቅ ወንድሙ፣ ስለ ስልክ የምናውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ መከልከልና መጫን። ልጅ ከሆነ እንከለክላለን። እናት ከሆነች ኢሞ ጭነንላት እንሄዳለን። በመሀል ያለውን ሥራ፣ ማስተማሩን፣ ማንም አልሠራውም።

ይሄ የመከልከል ነገር ደግሞ የቆየ በሽታችን ነው። በ2004 ዓ.ም ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ ስጀምር የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ወጣ። ያኔ «ስካይፕ የተጠቀመ ይታሰራል» ተብሎ ከተማው ሁሉ ደነገጠ። በኋላ መንግሥት፣ አዋጁ ያነጣጠረው በኢንተርኔት ስልክ ሰው እያስደወሉ በሚነግዱት ላይ ነው ብሎ አብራራ። እኛ ግን ኢንተርኔት ካፌ ገብተን ከዘመድ ጋር ለማውራት ግራ ቀኝ የምናይበት ጊዜ እንደነበር አስታውሳለሁ። በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ሲሰረዝ ደግሞ፣ በሐምሌው ድጋሚ ፈተና ጊዜ መፍትሔው ፌስቡክ ምናምንን መዝጋት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ተዘጋ፣ ስንት ጊዜ ተከፈተ። ስንፈራ እንዘጋለን። ሲከፈት ደግሞ እንደ ውኃ እንጠጣለን። ምንጩ ንጹሕ ይሁን አይሁን ግን የሚያሳየን የለም።

«ስልክ ቅንጦት ነው፣ ልጆቹን አበላሻቸው» የሚሉ የሥራ ባልደረቦቼ አሉ። አልጣላቸውም፣ ክፍል ውስጥ ጨዋታ የሚጫወት ልጅ እኔንም ያናድደኛል። ግን ቅንጦት የሚለውን አልቀበልም። በጥቅምት 2012 ሊባኖስ ውስጥ መንግሥት በዋትስአፕ ጥሪ ላይ በቀን 20 ሳንቲም ዶላር ሊያስከፍል ሲያስብ፣ ዜናው በተሰማበት ዕለት ማታ ሕዝቡ መንገድ ላይ ወጣ። ሐሳቡ ወዲያው ተነሳ፣ ሰልፉ ግን አልቆመም፣ በሌላ ብዙ ብሶት ላይ የተጨመረች ጠብታ ነበረቻ። ጠቅላይ ሚኒስትሩም በዚያው ወር ሥልጣን ለቀቁ። እህቴ ያኔም እዚያው ነበረች። «ወንድሜ፣ ለእነሱ ዋትስአፕ ነው፣ ለእኔ ግን እናቴ ናት» ነበር ያለችኝ። የአገሩ ሰው ቢያንስ እናቱን ሄዶ ማየት ይችላል። ቤት ውስጥ ተዘግቶባት ለምትሠራ ልጅ ያቺ ስክሪን በር ናት፣ መስኮት ናት፣ አንዳንዴም ጠበቃ ናት።

አሁን ደግሞ የራሴን ጉድ ላውራ፣ ሰው ላይ ብቻ ጣት አልቀስርም።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ቁጥር ግን ታነባለች፤ ገበያ ያስተማራት ነው። ከአራት ዓመት በፊት ስማርት ስልክ ገዝቼላት ከእህቴ ጋር የምታወራበትን አፕ ጫንሁላት። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። «ይሄን አረንጓዴውን ስትነኪ ይነሳል፣ ቀዩን ስትነኪ ይዘጋል» ብዬያት ሄድኩ። በዚያ ላይ ኩራቴን ብታዩት!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ደወለችላት። በጣም ትሑት ናት አለች እናቴ። «እማማ፣ የልጅዎ ጓደኛ ነኝ፣ ከቤይሩት ዕቃ ልካልዎታለች፣ መቀበያው ቁጥር በስህተት ወደ እርስዎ ስልክ ነው የመጣው፣ አንድ ጊዜ ያንብቡልኝ» አለቻት። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበበችላት። መርቃም ዘጋች። «ተባረኪ ልጄ» ብላ።

ያ ቁጥር የአካውንቷ ቁልፍ ነበር። ሴትዮዋ በእናቴ ስም ገብታ ለእህቴ ጻፈችላት፤ «ሆስፒታል ነኝ፣ ቀዶ ጥገና ብለውኛል፣ ወንድምሽን አታስደንግጪው፣ በዚህ አካውንት ቶሎ አስገቢልኝ»። እህቴ አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዋን ለምና 25 ሺህ ብር አስገባች። እናቴ እኮ መጻፍ አትችልም! እህቴ ይሄን ጠፍቷት አይደለም። «የተኛችበት ክፍል ውስጥ ያለች አስታማሚ የጻፈችላት መሰለኝ» ነው ያለችው። «እናትሽ ሆስፒታል ናት» የሚለውን ያነበበ ሰው ከዚያ በታች ያለውን በልቡ እንጂ በዓይኑ አያነብም።

ገንዘቡ አልተገኘም። ከገንዘቡ በላይ ግን የከፋው ሌላ ነው። እናቴ ለሁለት ወር ስልኩን አልነካም አለች። «እኔ ልጄን የዘረፍኩ ሰው ነኝ» እያለች። ስልኩ ሲጮህ ትደነግጣለች። ሰባ ዓመት ሊሞላት ያለች ሴት፣ ሰው አምና መመረቋ እንደ ወንጀል ሆኖባት።

ጥፋቱ የማን ነው? ሌባዋ ሌባ ናት፣ እሱ ክርክር የለውም። ከሌባዋ ቀጥሎ ግን እኔ ነኝ። በሬን ስሠራ ቁልፍ ሰጥቼ «ቁልፉን ለማንም አትስጪ» ያላልኩ እኔ ነኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃት፤ «እማዬ፣ በስልክሽ የሚመጣ ቁጥር የቤት ቁልፍ ነው፣ እኔም ብሆን ብጠይቅሽ እንዳትሰጪኝ»። ዛሬ ታውቀዋለች። ጎረቤት ሁሉ አስተምራለች። ባለፈው የሆነ ሰው ደውሎ ኮድ ሲጠይቃት «ልጄም ቢሆን አልሰጠውም፣ አንተ ማነህ!» ብላ ዘግታበታለች። ቡና ላይ ስታወራው ብትሰሟት ደስ ይላችኋል።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ አፕ መጫን ማስተማር አይደለም። ማስተማሩ ደግሞ ከባድ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ አያስፈልገውም፤ ዲፕሎማ ያለኝ ተራ አስተማሪ ያስተማርኩት ነገር ነው። አምስት ነገር ልዘርዝር፤ እያንዳንዱን ያወቅሁት ካበላሸሁት በኋላ ነው።

አንደኛ፣ ቁጥር በጭንቅላት። በእኛ አካባቢ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ ዋይፋይ ያለበት ቤት ፈልገን ነበር ኢሞ የምንደውለው። ኢሞና ቴሌግራም ብቻ የነበራቸው እናቶች የልጃቸውን ትክክለኛ ስልክ ቁጥር አያውቁም ነበር። ፎቶዋን ነክተው ነው የሚደውሉት፤ ቁጥር መኖሩንም ረስተውታል። መደበኛ ጥሪና የጽሑፍ መልእክት ኢንተርኔት አይፈልግም። ስለዚህ የሁለት ሰው ቁጥር በቃል፣ በወረቀትም ተጽፎ ይቀመጥ። ወደ ዐረብ አገር የምትሄድ ልጅ ካለች ደግሞ በልብሷ ውስጥ ሰፍታ ትያዘው። ስልኩ ሊነጠቅ ይችላል፣ በቃል የያዘችውን ግን የሚነጥቃት የለም።

ሁለተኛ፣ አገሩን ማወቅ። ሁሉም አፕ ሁሉም ቦታ አይሠራም። ሳዑዲ የኢንተርኔት ጥሪን እገዳ ያነሳችው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ኤምሬትስ ውስጥ እስከ ቅርብ ጊዜ የዋትስአፕ ጽሑፉ ይደርሳል፣ ጥሪው ግን ታግዶ ነበር፤ ስለዚህ እዚያ ያሉት ቦቲም የሚባለውን ነው የለመዱት። «ደወልኩላት፣ አላነሳችም፣ ረሳችን» ብሎ የሚያዝን ስንት ቤተሰብ አለ መሰላችሁ! ልጅቷ አልረሳችም፣ ጥሪው አልደረሳትም። ከመሄዷ በፊት በየትኛው እንደምትገናኙ ተነጋገሩ።

ሦስተኛ፣ ድምፅ። ማንበብ የማይችል ሰው ካለ ጽሑፍ አትላኩለት፣ ቮይስ ላኩለት። ማይኩን ተጭኖ ማውራት ማንም ይችላል። እናቴ ዛሬ ለእህቴ የምትልከው ቮይስ አንዳንዴ አሥር ደቂቃ ነው፤ የዶሮ ድምፅም፣ የጎረቤት ሰላምታም፣ ምርቃትም አለበት። ቮይስ ሌላም ጥቅም አለው። ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት በጽሑፍ ከመጣ ድምፁን ሳትሰሙ አትላኩ። የእኛ ቤት ሕግ ሆኗል ይሄ። ድምፅም ማስመሰል እየተቻለ ስለሆነ ደግሞ ጨምረንበታል፤ እናቴን ከቤተሰብ ውጭ የማይታወቅ አንድ ጥያቄ እንጠይቃታለን። ጥያቄው ምን እንደሆነ ለእናንተም አልነግራችሁም።

አራተኛ፣ ሎኬሽን። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ «አሁን እዚህ ነኝ» የሚል አንድ ነጥብ ነው። ሌላው ላይቭ የሚባለው፣ ስትንቀሳቀሱ አብሮ የሚንቀሳቀስ ነው፤ ዋትስአፕ ላይ ለ15 ደቂቃ፣ ለ1 ሰዓት ወይም ለ8 ሰዓት ይከፈታል። ማታ ታክሲ ስትይዙ ላይቩን ለእህታችሁ ክፈቱላት፣ ስትደርሱ ዝጉት። ስልኩ ቦታውን የሚያውቀው ከሳተላይት ነው እንጂ ከኢንተርኔት ብቻ አይደለም፤ ለመላክ ነው ኢንተርኔቱ የሚያስፈልገው። ኢንተርኔት ከሌለ ካርታው ላይ ያለችበትን ሰማያዊ ነጥብ ተጭናችሁ ስትይዙ ሁለት ቁጥር ይወጣል። የመጀመሪያው ኬክሮስ፣ ሁለተኛው ኬንትሮስ ነው። እሱን በተራ የጽሑፍ መልእክት መላክ ይቻላል። አያችሁ? አሥረኛ ክፍል ያስጻፍኳችሁ ነገር አልጠፋም፤ የት እንደሚሠራ ነው ያልነገርኳችሁ።

አምስተኛ፣ እና ይሄን ለሴት ተማሪዎቼ አጥብቄ የምነግራቸው፣ ሎኬሽን የሚሰጥ ነገር ነው እንጂ የሚጠየቅ ግብር አይደለም። «የት ነሽ? ሎኬሽን ላኪ። ላይቩን ለምን ዘጋሽው?» የሚል ፍቅረኛ በዝቷል። አንዷ ተማሪዬ ቀኑን ሙሉ ላይቭ ከፍታ ስለምትውል ባትሪዋ አምስት ሰዓት ላይ ያልቃል፣ ከሰዓት በኋላ ስልኳ ሲጠፋ ደግሞ ትሰደባለች። ይሄ መተሳሰብ አይደለም፣ ገመድ ነው። ወንዶቹም ስሙ፤ የምትወዷትን ልጅ በነጥብ ካልጠበቃችኋት የማታምኗት ከሆነ ችግሩ ካርታው ላይ የለም። አል ኸርጅ ያለችውን ልጅ ያዳናት እሷ ፈልጋ፣ ለምታምነው ሰው፣ ለጊዜው የላከችው ነጥብ ነው። ያው ነጥብ በማይሆን ሰው እጅ ቢገባ ደግሞ አጥፊዋ ይሆን ነበር። ዕቃው አንድ ነው፣ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ሰው ነው ልዩነቱ።

አሁን የምትሉኝን አውቃለሁ። «ቲቸር፣ ስልክ ይፈቀድ እያልክ ነው?» አይደለም። ክፍል ውስጥ ስልክ ሳይ አሁንም እወስዳለሁ፣ ከሰኞ ጀምሮ ሞክሩኝና እዩ። ግን መሳቢያ ውስጥ አልከርመውም። ከትምህርት በኋላ ባለቤቱን ጠርቼ «ና እስቲ፣ ይሄን ነገር በደንብ ታውቀዋለህ?» ብዬ ከላይ ያሉትን አምስቱን እጠይቀዋለሁ። ካላወቀ አስተምረዋለሁ፣ ከዚያ ይወስዳል። ቅጣቱ ይሄ ሆኗል። አንዳንዱ ሆን ብሎ የሚያስይዝ መጥቷል፣ እሱን ሌላ ቀን እናወራለን።

ሌላው «የእኛ እናቶች አይገባቸውም» የሚለው ነው። ይሄን የሚሉት ብዙ ጊዜ አስተምረው የማያውቁ ናቸው። እናቴ በቃሏ የዕቁብ ሒሳብ የምትይዝ ሴት ናት። ማን ስንት እንደጣለ፣ የማን ተራ እንደሆነ፣ የማን ዕዳ እንዳለ አትስትም። አምስት ነገር አይገባትም ማለት ስንፍናዬን በእሷ ላይ መለጠፍ ነው። እኔ ያልሰጠኋት ጊዜ ነው፣ እሷ የጎደላት አእምሮ አይደለም። ያቺን የአምስት ደቂቃ ጭነት ወደ አንድ ሰዓት ባሳድጋት ኖሮ ሁለት ወር ሙሉ ራሷን ሌባ ስትል አልሰማም ነበር።

ልመናዬ ይሄ ነው። እሑድ ስትገናኙ፣ ከቡናው በኋላ፣ የእናታችሁን ስልክ ሳይሆን እናታችሁን ያዙ። ስልኩን እጇ ላይ ተዉት። እናንተ አትንኩት፣ እሷ ትንካው። ስትሳሳት ትሳሳት። «ወዲህ በይው ልሥራልሽ» ማለት ክልክል ነው! ኮድ ለማንም እንዳትሰጥ፣ ቮይስ እንድትልክ፣ ቁጥራችሁን በቃሏ እንድትይዝ አድርጉ። ወደ ውጭ የምትሄድ እህት፣ የአክስት ልጅ፣ ጎረቤት ያላችሁ ደግሞ ሻንጣዋን ከመሸኘታችሁ በፊት ሎኬሽን መላክን ከዚህ ከአገሯ ሆና አሥር ጊዜ ትለማመደው። ከቤት ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ቤት ትላክላችሁ። እንደደረሰች፣ በመጀመሪያው ማታ፣ ገና ማንም ሳይቆጣት ስልኩም ሳይወሰድባት፣ ያለችበትን ነጥብ ትላክላችሁ። እናንተም ወረቀት ላይ ጻፉት። የት እንዳለች ሁልጊዜ አንድ ሰው ይወቅ።

ውጭ ያላችሁ ተማሪዎቼ ይሄን ካነበባችሁ፣ አሁኑኑ፣ ዛሬ ማታ፣ ያላችሁበትን ነጥብ ለምታምኑት አንድ ሰው ላኩ። ደህና ብትሆኑም ላኩ። የምታምኑት ሰው ካጣችሁ ለእኔ ላኩልኝ። የማላውቀውን የኢሞ ጥሪም ከዚያ ሌሊት ወዲህ በመጀመሪያው ጩኸት አነሳለሁ።

ያቺ ልጅ አሁን በሰፈሯ ሊሄዱ ለተዘጋጁ ልጆች ሎኬሽን ታስተምራለች። ባለፈው ሳምንት እናቷን መንገድ ላይ አግኝቻቸው «መምህር፣ ልጄ እኮ እንደ እርስዎ ጂኦግራፊ አስተማሪ ሆነች!» አሉኝ። ከእኔ ትሻላለች አልኳቸው። እውነቴን ነው።

ይሄ ለአንድ ሰው እንኳ ይጠቅማል ካላችሁ ሼር አድርጉት። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ አንብባችሁ አሰሟቸው።

ቸር ያሰማን። ደህና እደሩ።